ወንዙ ሲደፈርስ ነው መሄድ ያለብን
(ባሕር ዳር፣ የክረምት የወንዝ ሥነ ምህዳር ሥልጠና መክፈቻ ላይ የተደረገ ንግግር)

ክቡራን ወላጆች፣ መምህራን፣ ከሐይቁ ዳር የመጣችሁ ዓሣ አስጋሪ አባቶችና ወንድሞች፣ እናንተም የዘንድሮ ክረምት ተማሪዎች፤ እንደምን አደራችሁ።

ምዝገባ ከጀመርን ወዲህ አንድ ጥያቄ ሲመላለስ ነበር። «በክረምት ወንዝ ላይ ምን ይታያል? ውሃው ጭቃ ነው፣ ዝናቡም አያስወጣም። ለምን በጋ ላይ አታደርጉትም?» ከወላጅም ከተማሪም ሰምቼዋለሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ዛሬ መልሱን በደንብ ልናገር፤ ሥልጠናው የቆመው በዚሁ መልስ ላይ ነውና።

የጣና ነጭ ዓሣ እንቁላሉን የሚጥለው አሁን ነው።

ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ወንዞቹ ሲሞሉ ብዙዎቹ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ሐይቁን ለቀው ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ይገባሉ። ወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ከዚያ ሐይቁ ዳር ያለውን ሜዳ፣ በጉማራና በርብ በኩል የፎገራን፣ አቋርጠው ሽቅብ ይወጣሉ። የሚፈልጉት ጠጠር ነው። ላዩ ላይ ንጹሕና ቀዝቃዛ ውሃ የሚፈስበት ጠጠር። እንደዚህ ያለው ቦታ የሚገኘው ደግሞ ከላይ፣ ትንንሾቹ ገባር ወንዞች ላይ ነው። እንቁላሉ በጠጠሩ መሃል ገብቶ ይቀመጣል። በዚያ ክፍተት ውሃ እየተመላለሰ ኦክስጅን ያቀብለዋል። ክፍተቱን ጭቃ ከደፈነው እንቁላሉ ታፍኖ ይሞታል። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው። ሁሉም ዝርያዎች ወንዝ አይወጡም፤ እዚያው ሐይቁ ውስጥ እንደሚራቡ የሚታሰቡም አሉ። ወንዝ የሚወጡት ግን ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቁት ይህንኑ ወቅት ነው። እኛ ትምህርት ቤት ዘግተን ቤት የምንቀመጥበትን ወቅት።

ስለ ነጭ ዓሣ ትንሽ ልቆይ። ገበያ ላይ በአንድ ስም እንጠራዋለን እንጂ አንድ ዓሣ አይደለም። ጣና ውስጥ ከ15 በላይ ዝርያዎች አሉት፤ አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ የትም አይገኙም። ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች ያለው ዓሣ ወደ ላይ እንዳይመጣ ስለዘጋው፣ የጣና ዓሦች ለብቻቸው ተለያይተው አደጉ። አንዳንዱ ከጭቃ የሚለቅም፣ አንዳንዱ ተክል የሚበላ፣ ስምንት ያህሉ ደግሞ ሌላ ዓሣ አሳድደው የሚውጡ ሆኑ። ይህ የሚያስገርም ነው፤ የነጭ ዓሣ ወገን በሙሉ መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም። ጥርሱ ያለው ጉሮሮው ውስጥ ነው። በዚህ ሁኔታ አዳኝ መሆን ከባድ ነው። ግን ሆነዋል። ነገ አስጋሪዎቹ ሲያሳዩዋችሁ አፋቸውን እያያችሁ አወዳድሩ። የአፉ ቅርጽ ምን እንደሚበላ ይነግራችኋል።

በዓለም ላይ ይህን የመሰለ ሌላ ሐይቅ ነበር፤ ፊሊፒንስ ውስጥ ያለው ላናኦ። እዚያም የዚሁ ወገን የሆኑ፣ የትም የማይገኙ ዓሦች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2020 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት 15ቱ ከምድር እንደጠፉ አስታወቀ። ከውጭ የገቡ ዓሦችና ከልክ ያለፈ ማስገር ጨረሷቸው። ስለዚህ አሁን በደህና የቀረው የእኛ ነው ማለት ይቻላል። «በደህና» ስል ግን ተጠንቅቄ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት እዚህ ባሕር ዳር በኩል የሚገባው የትልልቁ ነጭ ዓሣ ምርት በሦስት አራተኛ ገደማ ወርዷል። ያኔ እናንተ አልተወለዳችሁም። አባቶች ግን ያስታውሱታል።

ምን ሆነ? አንዱ ምክንያት ቀላል ነው፤ ዓሣው ለመራባት ሲሄድ ወንዝ አፍ ላይ መረብ ይጠብቀዋል። እንቁላል ያዘለ ዓሣ በአንድ ሌሊት ብዙ ይያዛል። የብርብራ ዛፍ ፍሬ ወቅጦ ውሃ ላይ በመበተን ዓሣ ማደንዘዝም አለ። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ስንት ዘመኑ! ወረቀቱ አለ፤ በመራቢያ ወቅት ወንዝ አፍ ላይ ቆሞ የሚያይ ሰው ግን ጥቂት ነው። ሌላው ምክንያት መረብ ያልያዘ ሰው ነው። ለግንባታ ከወንዙ ውስጥ የሚጫነው አሸዋና ጠጠር፣ ያው ዓሣው የሚፈልገው ጠጠር ነው። በጋ ላይ ለሽንኩርት መስኖ በሞተር የሚሳበው ውሃ አንዳንዱን ቦታ እስኪደርቅ ያደርሰዋል። ከላይ ከጉና ተራራ ወገብ ጀምሮ የሚታረሰው ቁልቁለት ደግሞ አፈሩን ይለቃል። ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል ይባል የለ? ግንዱ ቀርቶ አሁን ይዞ የሚዞረው ማሳውን ነው።

እዚህ ላይ አደራ አለኝ። ገበሬውን ለመክሰስ አንሄድም። የፎገራ ገበሬ ሽንኩርቱን ካላጠጣ ልጁን አያስተምርም። አስጋሪውም ቤተሰብ አለው። እኛ የምንሄደው ለማየት፣ ለመለካትና ለመጠየቅ ነው። ጥያቄ ስትጠይቁ አንቱ በሉ፤ ሲነግሯችሁ አታቋርጡ። አንድ ሽማግሌ ነጭ ዓሣ ወንዙን የሚወጣበትን ሌሊት ከደመናውና ከውሃው ቀለም ያውቀዋል። ያንን ጻፉት።

አሁን ወደ ሥራው ልምጣ። መሣሪያችን ውድ አይደለም። የውሃውን ፍጥነት የምንለካው በብርቱካን ነው። ብርቱካን አብዛኛው አካሉ ውሃ ውስጥ ስለሚጠልቅ ነፋስ አይገፋውም። ዳሩ ላይ 10 ሜትር ትለካላችሁ፣ ብርቱካኑን ከላይ ትጥላላችሁ፣ ሰከንድ ትቆጥራላችሁ። በ8 ሰከንድ ከደረሰ የላዩ ውሃ በሰከንድ 1.25 ሜትር ይሄዳል። ከሥር ያለው ውሃ ስለሚዘገይ፣ አማካዩን ለማግኘት በ0.85 ታባዙታላችሁ።

ለአፈሩ ደግሞ የሃይላንድ ጠርሙስ ይበቃል። ወንዙ መሃል በሚፈስበት በኩል ሞልታችሁ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ጽፋችሁበት፣ ሳትነኩት ታሳድሩታላችሁ። ጠዋት ላይ ከሥር የተቀመጠውን ጭቃ በማስመሪያ ትለካላችሁ። ዝናብ በዘነበ ማግስት የተቀዳውን ካልዘነበበት ቀን ጋር ጎን ለጎን ስታስቀምጡት ልዩነቱን ያለ አስተማሪ ታዩታላችሁ። ይህን ልምምድ ከሁሉም በላይ እወደዋለሁ። ያ ጭቃ ትናንት የሰው ማሳ ነበር፤ ዛሬ ወደ እንቁላሉ እየሄደ ነው።

ከዚያ ድንጋይ እንገለብጣለን። ዳር ዳሩን፣ ውሃው እስከ ቁርጭምጭሚት በሆነበት። ከድንጋዩ ሆድ ላይ ሦስት ቀጭን ጭራ ያላት ትንሽ የነፍሳት እጭ ልታገኙ ትችላላችሁ። ጎንና ጎኗ ላይ ስስ፣ ዝርግ ነገሮች ይርገበገባሉ፤ የምትተነፍሰው በእነሱ ነው። ቆሻሻና ኦክስጅን ያነሰው ውሃ አትችልም። እሷ ካለች ውሃው ደህና ነው። እሷ ጠፍታ ደማቅ ቀይ፣ ቀጭን እጭ ብቻ ከበዛ ግን ጥርጣሬ ይግባችሁ። ያቺኛዋ ቀይ የሆነችው ልክ እንደ እኛ ደም ኦክስጅን የሚይዘው ሄሞግሎቢን ስላላት ነው፤ ኦክስጅን ባነሰበት ጭቃም ትኖራለች። ያያችሁትን ቆጥራችሁ፣ ሥላችሁ፣ መልሳችሁ ውሃው ውስጥ ጨምሯቸው።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ እናንተ ከታናናሾቻችሁ ጋር ትጣመራላችሁ። መልስ ቶሎ አትስጧቸው። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ራሷ ያየችውን ነገር አትረሳም። ደግሞም ሁላችሁም ያልተገኘውን ጻፉ። «ዓሣ አላየንም» ማለትም ውጤት ነው። የሰው ደብተር አይታችሁ ቁጥር የምታስተካክሉ ከሆነ ግን ወንዝ ድረስ መድከም አያስፈልግም።

ለወላጆች ስለ ደህንነት ልናገር። ማንም ብቻውን ውሃ ዳር አይሄድም። ከጉልበት በላይ ማንም አይገባም። ከላይ ከዘነበ፣ እኛ ያለንበት ፀሐይ ቢሆን እንኳ ከወንዙ እንወጣለን፤ ጎርፍ ከጉና ሲመጣ ጊዜ አይሰጥም። አካባቢው ከውሃ በቆዳ በኩል የሚገባው ቢልሃርዚያ አለበት፤ ስለዚህ በረጋ ውሃ ውስጥ በባዶ እግር መቆም ክልክል ነው። ወባም አለ። ወደ ጉማራና ርብ የምንሄድበት ቀን ደግሞ በመንገዱ ሁኔታ ይወሰናል። መንገዱ አስተማማኝ ካልሆነ አንሄድም፤ እዚሁ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት፣ ጫራ ጫራ አካባቢ እንሠራለን። እዚያም ብዙ የሚታይ አለ፤ ጉማሬም አለ፣ በሩቁ።

ሥልጠናው ሲያልቅ ሥራው እንዲያልቅ አልፈልግም። በየሰፈራችሁ ወንዝ አለ። በየክረምቱ አንድ ቦታ ቆማችሁ፣ ያንኑ ጠርሙስ ሞልታችሁ፣ ያንኑ ድንጋይ ገልብጣችሁ ብትጽፉ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ማንም የሌለው መረጃ በእጃችሁ ይኖራል። የበጋ መረጃ በአንጻሩ ብዙ ነው፤ ለአጥኚው መንገዱ የሚመቸው ያኔ ነዋ። የጎደለን ይህ የድፍርስ ወቅት ነው።

ነገ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ በሩ ጋ እንገናኝ። ቦቲ ጫማ፣ የዝናብ ልብስ፣ እርሳስ ያዙ፤ እስክሪብቶ በዝናብ ይፈስሳል። ብርቱካኑን እኛ እናመጣለን። የፈቃድ ወረቀት ያልፈረማችሁ ወላጆች፣ ከመሄዳችሁ በፊት እዚያ ጠረጴዛ ጋ ጎራ በሉልን።

አመሰግናለሁ።