23 የት ነበር?

ወዳጆቼ፣ ዛሬም ከደሴ ነኝ፤ ዛሬም ወደዚያው ወደ ለመዳችሁት ባለ 21 አኃዝ ቁጥር ተመልሻለሁ፤ ምክንያቱም አንድ ጥያቄ አላስተኛ ብሎኛል።

147,573,952,589,676,412,927፤ ማለትም 67 ሁለቶችን እርስ በርስ አባዝተን 1 ስንቀንስ የሚገኘው ቁጥር። ማሪን ሜርሴን በ1644 (በፈረንጆቹ) ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ ከሌላቸው ከብቸኛ ቁጥሮች መድቦት ነበር። ኤድዋርድ ሉካ በ1876 እንደሚካፈል አረጋገጠ፤ በምን እንደሚካፈል ግን አልተናገረም። አካፋዮቹ 193,707,721 እና 761,838,257,287 መሆናቸውን ፍራንክ ኔልሰን ኮል ያሳየው በ1903 ነው።

ይህንን በቅዳሜው የሒሳብ ክበባችን ስናገር ያቺ ከኋላ የምትቀመጠው ልጅ፣ ታውቋታላችሁ፣ «ቲቸር፣ ያካፈለው ሰው ሳይኖር እንደሚካፈል በምን ታወቀ?» አለችኝ። መልሱን በትንሽ ቁጥር ላሳያት ብዬ 2047ን ጻፍኩ፤ ይህም 11 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲቀነስ ነው። ከሉካ ሐሳብ ተነሥቶ ዴሪክ ሌህመር ባቃለለው መንገድ ከ4 እንነሣለን፤ ያለንን ቁጥር በራሱ አባዝተን 2 እንቀንሳለን፣ ውጤቱን በ2047 አካፍለን ቀሪውን ብቻ እንይዛለን፣ ይህንኑ 9 ጊዜ እንደግማለን። መጨረሻ ላይ 0 ቢቀር ቁጥሩ ብቸኛ ነው፤ ካልቀረ ይካፈላል። 14፣ 194፣ 788፣ 701 እያልን ሄድን፤ ልጆቹ እየተቀባበሉ አሰሉ፤ በመጨረሻም 1736 ቀረ። እንግዲህ ይካፈላል አልኩ፤ 23ን በ89 አባዝቼም አሳየሁ።

እሷ ግን ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች በጣቷ ተከትላ አየችና «23 የት ነበር?» አለች።

በእርግጥም በአንዱም ደረጃ ላይ 23 አልታየም፤ 89ም እንዲሁ። ሰኞ ገበያ ያለች ነጋዴ ሒሳቧ አልገጥም ሲል ገንዘብ እንደጎደላት ታውቃለች፣ ማን እንደወሰደው ግን አታውቅም ልላት ነበር፤ ነገር ግን አይመሳሰልም፤ የጎደለው ገንዘብ ባይጎድልም ይችል ነበር፤ 23 ግን 2047ን ከማካፈል ሊቀር አይችልም።

ምናልባት የተሻለው መልስ የእነዚህ ቁጥሮች አካፋዮች ሁሉ የሚጠብቁት ሥርዓት ነው፦ 23ም 89ም በ22 (በ11 እጥፍ) ሲካፈሉ 1 ይቀራል፤ የኮል ሁለቱ ቁጥሮችም በ134 (በ67 እጥፍ) ሲካፈሉ እንዲሁ። ይህ ግን ሌላ ማረጋገጫ ነው፤ የጠየቀችውም ይህንን አይመስለኝም።

ደግሞም ያልነገርኳት አለ። 1277 ሁለቶችን አባዝተን 1 ስንቀንስ ባለ 385 አኃዝ ቁጥር ይገኛል፤ እንደሚካፈል ታውቋል፤ አካፋዩን ግን እስከ ዛሬ ኮምፒውተርም አላገኘም። ማንኛውም አካፋዩ በ2554 ሲካፈል 1 እንደሚቀር በእርግጠኝነት እናውቃለን። ታዲያ ስለ አካፋዩ ይህን ያህል እያወቅን እሱን አናውቀውም ማለት እንችላለን? በሚቀጥለው ቅዳሜ ብነግራት፣ እንደገና የት ነው ያለው ስትለኝ፣ እኔ…