እንግሊዝኛ ለትልልቅ ሰዎች፦ ማስተማሪያውን ከተማሪው ቦርሳ እንጀምር

[ምስል፦ የቤተ ክርስቲያን ቤዝመንት። አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ስምንት ወንበር፣ ጥግ ላይ ረከቦት።]

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የማወራው በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያ፣ ለትልልቅ ወገኖቻችን እንግሊዝኛ ለምታስተምሩ ሁሉ ነው። አብዛኞቻችሁ በነጻ ነው የምታስተምሩት። የወረቀቱም የማርከሩም ገንዘብ ከኪሳችሁ ይወጣል።

እኔ ስጀምር መጽሐፍ ገዛሁ። የተማሪውን፣ የመልመጃውን፣ የመምህሩን፣ ሦስቱንም። ውድ ነበር። ደግሞም ቆንጆ መጽሐፍ ነው። ግን ምዕራፍ አንድ ስለ ሽርሽርና ስለ ሆቴል ያወራል። ፊት ለፊቴ የተቀመጡት ሰዎች ሌሊት ፓርኪንግ የሚሠሩ፣ የልጅ ልጅ የሚያሳድጉ፣ አዛውንት የሚንከባከቡ ናቸው። በሦስተኛው ቅዳሜ አንዲት እናት ከቦርሳቸው የመድኃኒት ዕቃ አወጡና «ልጄ፣ እስቲ ይሄ ምን ይላል?» አሉኝ።

[ምስል፦ ብርቱካናማ የመድኃኒት ዕቃ። የባለቤቱ ስም በፕላስተር ተሸፍኗል።]

«ቴክ ዋን ታብሌት ትዋይስ ዴይሊ ዊዝ ፉድ» ይላል። ሰባት ቃል ነው። የዚያን ቀን መጽሐፉን ዘጋነው። ከትዋይስ ተነስተን ዋንስ አልን፣ ስሪ ታይምስ አልን። ከዊዝ ፉድ ወደ ቢፎር እና አፍተር ሄድን። ከዚያ ሁለት ሁለት ሆኑና አንዱ ፋርማሲስት፣ ሌላው በሽተኛ ሆነው ተጠያየቁ። ሰዓቱ ሳናውቀው አለቀ። ወጪው? አንድ ሳንቲም የለም።

ከዚያ ወዲህ ማስተማሪያ ስፈልግ መጀመሪያ የማየው የተማሪዎቼን ቦርሳ ነው። «ያልገባችሁን ወረቀት ይዛችሁ ኑ» እላቸዋለሁ። የመብራት ቢል ይመጣል። እዚያ ላይ «ዱ ዴት» የሚከፈልበት ቀን ነው፣ «ፓስት ዱ» ደግሞ ቀኑ አልፏል ማለት ነው። ይህን መለየት ገንዘብ ነው። ከትምህርት ቤት የተላከ ደብዳቤ ይመጣል፤ «ኤርሊ ዲስሚሳል» የሚለውን ያላወቀች እናት ልጇ በጊዜ መለቀቁን ሳታውቅ ትቀራለች። የሐኪም ቀጠሮ ካርድ ይመጣል፤ ቀንና ሰዓት ማንበብ ከዚህ የተሻለ የሚያስተምር ነገር አላገኘሁም።

የግሮሰሪ ማስታወቂያ ወረቀትንም አትናቁት። ሱቁ በር ላይ በነጻ ይቀመጣል፣ ሥዕልም ዋጋም አለው። ፈቃድ ጠይቃችሁ ዐሥር ከወሰዳችሁ ፎቶ ኮፒ እንኳ አያስፈልግም፤ ሁሉም የየራሱን ይይዛል። «በሃያ ዶላር እራት ግዙልኝ» በሏቸውና ተቀመጡ። ክፍሉ ገበያ ይሆናል።

አንድ ነገር ግን አደራ። የሰው ወረቀት የሰው ገመና ነው። ኮፒ ከማድረጋችሁ በፊት ስሙን፣ አድራሻውን፣ የአካውንት ቁጥሩን ሸፍኑ። የኢሚግሬሽን ወረቀት ከሆነ ጨርሶ ኮፒ አታድርጉ።

[ምስል፦ ሁለት ቅጽ ጎን ለጎን። አንዱ በአማርኛ፣ አንዱ በእንግሊዝኛ።]

አሁን ብዙ አስተማሪ ያላሰበውን ልንገራችሁ። ዲሲ በ2004 የወጣ የቋንቋ ሕግ አላት። በዚያ ሕግ ምክንያት የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ወረቀቶቻቸውን ወደ ሌሎች ቋንቋዎች ያስተረጉማሉ፤ አማርኛ ከእነዚያ አንዱ ነው። ይህ ማለት አንድ ቅጽ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ታገኛላችሁ ማለት ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡ። ተማሪው መጀመሪያ አማርኛውን ያንብብ፣ ከዚያ እንግሊዝኛው ውስጥ ስሙን፣ የትውልድ ቀኑን፣ አድራሻውን የሚጽፍበትን ቦታ ይፈልግ። ባለ ሁለት ቋንቋ መጽሐፍ ብትገዙ ዋጋው ቀላል አይደለም። ይሄ በነጻ ነው፣ ደግሞም ነገ የሚሞላው እውነተኛ ፎርም ነው።

ተማሪዎቻችሁ የሚመጡት ለዜግነት ፈተና ከሆነ ምንም መጽሐፍ አትግዙ። ፈተናውን የሚሰጠው የፌዴራል መሥሪያ ቤት፣ ዩኤስሲአይኤስ፣ ጥያቄና መልሱን፣ ለንባብና ለጽሕፈት የሚመጡትን ቃላት በድረ ገጹ በነጻ አስቀምጧል። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች ያዘጋጁት ጽሑፍ በአሜሪካ ሕግ የቅጂ መብት ስለሌለው፣ የፈለጋችሁትን ያህል ብታባዙ ማንም አይጠይቃችሁም። በንባቡ ከሦስት ዓረፍተ ነገር አንዱን በትክክል ማንበብ ነው። በጽሕፈቱም ከሦስት አንዱን በትክክል መጻፍ። ቃላቱ ጥቂት ናቸው፤ በፍላሽ ካርድ ይያዛሉ።

እዚህ ላይ ርካሽ ነገር ሊጎዳ ይችላል። ከኦክቶበር 20፣ 2025 ጀምሮ ማመልከቻ ያስገባ ሰው የሚፈተነው በአዲሱ ፈተና ነው። የታሪክና የመንግሥት ጥያቄዎቹ 128 ናቸው፤ 20 ይጠየቃል፣ 12 መመለስ አለበት። ድሮ 100 ነበሩ፤ 10 ይጠየቅ ነበር፣ 6 ከመለሰ ያልፋል። ስለዚህ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረውን የቆየ ፎቶ ኮፒ ለአዲስ አመልካች አትስጡ። ሌላም አለ። ሲያመለክቱ 50 ዓመት የሞላቸውና በግሪን ካርድ 20 ዓመት የኖሩ፣ ወይም 55 የሞላቸውና 15 ዓመት የኖሩ፣ ከእንግሊዝኛው ፈተና ነጻ ናቸው። የታሪክና የመንግሥት ጥያቄውን በአማርኛ በአስተርጓሚ ይመልሳሉ። ይህን ሳያውቁ እንቅልፍ ያጡ እናቶች አይቻለሁ። መጀመሪያ ቀን ንገሯቸው።

[ምስል፦ ስልክ ላይ የሚታይ የቪዲዮ ትምህርት።]

ለማዳመጥ የአሜሪካ ድምፅን አስታውሱ። ተማሪዎቻችን የአማርኛውን ሬዲዮ ሲሰሙ ያደጉ ናቸው። ጣቢያው ከ1959 ጀምሮ ለቋንቋ ተማሪዎች በቀላል እንግሊዝኛ ያሰራጭ ነበር፤ 1500 ያህል ቃላት፣ አጫጭር ዓረፍተ ነገር፣ ቀስ ያለ ንባብ። ለጀማሪ የተዘጋጀ 52 ትምህርት ያለው የቪዲዮ ኮርስም አለው። ታሪኩ ወደ ዋሽንግተን ስለመጣች አዲስ ሴት ነው፤ ተማሪዎቻችን የሚያውቁትን መንገድና ባቡር ያዩበታል። በማርች 2025 የጣቢያው ሥራ ስለተናጋ የምትፈልጉትን ሳትዘገዩ አውርዳችሁ አስቀምጡ። ቤት ውስጥ ብቻውን መለማመድ ለሚፈልግ ደግሞ ዩኤስኤ ለርንስ የሚባል ድረ ገጽ አለ። ለአዋቂዎች የተሠራ ነው፣ በነጻ ነው፣ በካሊፎርኒያ የሳክራሜንቶ ካውንቲ የትምህርት ቢሮ ያዘጋጀው ነው። ኢሜል ስለሚጠይቅ የመጀመሪያውን ቀን አብራችሁ ተመዝገቡ።

መጽሐፍ የግድ ካስፈለገ አንድ ብቻ ግዙ፤ ለአዋቂ የተዘጋጀ ባለ ሥዕል መዝገበ ቃላት። አዲሱን እትም አትፈልጉ። ማንኪያ ያው ማንኪያ ነው። ላይብረሪዎች የቆዩ መጻሕፍት የሚሸጡበት ቀን አላቸው፤ በትንሽ ገንዘብ ታገኛላችሁ። የልጆች መጽሐፍ ግን፣ በነጻም ቢሰጧችሁ፣ አታምጡ። መርካቶ ሱቅ ያስተዳደረን ሰው «ኤ ፎር አፕል» ማስባል ልቡን ይሰብራል። ሰውዬው ቋንቋው ነው የጎደለው፣ ዕውቀቱ ሙሉ ነው።

ነጭ ሰሌዳም አትግዙ። ወረቀት የሚከተትበትን ግልጽ ላስቲክ ውሰዱ፣ ውስጡ ነጭ ወረቀት ክተቱ፣ በሚጠፋ ማርከር ይጻፉበት፣ በሶፍት ይጥረጉት። ለእያንዳንዱ ተማሪ የራሱ ሰሌዳ ይኖረዋል። የሚፈራ ሰው የሚጠፋ ነገር ላይ ሲጽፍ ይደፍራል።

[ምስል፦ ወፍራም ክላሰር። ገጾቹ ላይ ትልልቅ የእጅ ጽሑፍ።]

ከሁሉም የምወደውን ለመጨረሻ አቆይቼዋለሁ። ተማሪው በቃሉ ይናገራል፣ እናንተ ትጽፋላችሁ። «ሰንደይ ምን ያደርጋሉ?» አልኳቸው ያቺን የመድኃኒቱን እናት። «አይ ጎ ቸርች። አይ ሜክ ኮፊ። ማይ ኔይበር ከም» አሉ። ያሉትን እንዳለ ጻፍኩት። በሚቀጥለው ቅዳሜ በትልቁ አባዝቼ ለሁሉም ሰጠሁ። «ከም» የሚለው «ከምስ» መሆን እንዳለበት ራሳቸው ተማሪዎቹ ደረሱበት፤ እኔ አላረምኩም። እማማ የራሳቸውን ታሪክ በእንግሊዝኛ ሲያነቡ አንድም ቃል አልከበዳቸውም፤ የገዛ ቃላቸው ነውና።

እነዚህን ጽሑፎች በአንድ ክላሰር ሰበሰብን። አሁን 40 ገጽ ደርሷል። አዲስ ተማሪ ሲመጣ የመጀመሪያ ንባቡ ገጽ አንድ ነው፤ የእማማ ቡና። ካነበበ በኋላ ቀና ይልና «እኚህ ሴት የትኛዋ ናቸው?» ይላል። እማማም ከወንበራቸው እጃቸውን ያወጣሉ።