ራበኝ የማይል ሕመምተኛ

እንደምን አደራችሁ፣ ውድ የሥራ ባልደረቦቼ።

ዛሬ የማወራችሁ ራበኝ ማለት ስለማይችል ሰው ነው። ስትሮክ የጣለው፣ በመኪና አደጋ ጭንቅላቱ የተጎዳ፣ ቴታነስ ይዞት በማስታገሻ የተኛ። በጽኑ ሕሙማን ክፍላችን በየአልጋው አለ። ደም ግፊቱን በየሰዓቱ እንመዘግባለን። ትናንት ምን ያህል ምግብ እንደገባለት ስንጠየቅ ግን ፋይል ማገላበጥ እንጀምራለን።

ቤተሰብ በር ላይ ቆሞ "ምግቡስ?" ሲለን "ግሉኮስ ተሰቅሎለታል" እንላለን። እኔም ለዓመታት እንዲሁ ስል ኖሬአለሁ። እስቲ አብረን እናስላው። ባለ 5 በመቶ ግሉኮስ በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው 50 ግራም ስኳር ነው። ከ200 ካሎሪ አይበልጥም። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሕመምተኛ፣ በኪሎ 25 ካሎሪ ብንይዝለት፣ በቀን 1500 ያስፈልገዋል። ፕሮቲኑም ወደ 78 ግራም ይጠጋል። ግሉኮሱ ውስጥ ፕሮቲን የለም። ጭንቅላቱ ለተጎዳ ሰው ደግሞ የአንጎል እብጠት ስለምንፈራ የምንሰቅለው ኖርማል ሳላይን፣ ማለትም ጨው ያለበት ውኃ ነው። እሱማ ካሎሪ የሚባል ነገር የለውም።

ሰውነት ግን ዝም ብሎ አይጠብቅም። ትኩሳቱም፣ የቴታነሱ መወጠርም ጉልበት ይጨርሳል። ምግብ ያጣ ሰውነት የራሱን ጡንቻ ያፈርሳል፤ የመተንፈሻውም ጡንቻ አይተርፍም። ሕመምተኛውን ከመተንፈሻ ማሽኑ ማላቀቅ ሲያቅተን አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

የደም ዝውውሩ ከተረጋጋ በመጀመሪያዎቹ ከ24 እስከ 48 ሰዓታት ምግቡን በአፍንጫ ቱቦ ቀስ ብለን እንጀምር። ቀስ ብለን ያልኩት በምክንያት ነው። ለብዙ ቀን ምግብ ሳይቀምስ የቆየን ሰው በአንዴ ብናጠግበው በደሙ ውስጥ ያሉት ማዕድናት፣ ፎስፌቱና ፖታሺየሙ፣ ወርደው ልቡ ሊቆም ይችላል።

አሁን ወደ እናቶቻችን ልምጣ። እናት አጥሚት በፔርሙስ ይዛ ትመጣለች። ቱቦው እንዳይዘጋ "አቅጥኚው" እንላታለን። አቅጥና አቅጥና ውኃ ይሆናል። ወተት እንድትጨምርበት እንንገራት። በሁዳዴ ወተቱን ከፈራች የንስሐ አባቷን ታማክር፤ ቤተ ክርስቲያን በጽኑ የታመመን ሰው ጹም ብላ አታስገድድም።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ስትሮክ ለያዘው ሰው በፍቅር የሚሰጥ ጉርሻ ነው። ከስትሮክ በኋላ ግማሽ ያህሉ መዋጥ ይቸግራቸዋል። ያ ጉርሻ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ መዋጡ ሳይፈተሽ በአፍ ምንም አይሰጥ። እናትየዋን ግን አንቆጣት፤ ምክንያቱን እናስረዳት። ጉርሻውን ከልክለን ቱቦውን ካዘገየን ደግሞ ያስራብነው እኛው ነን።

ነገ ጠዋት ሕሙማኑን በየአልጋቸው ለማየት ራውንድ ስንወጣ ሁለት ነገር እንጠይቅ። ትናንት ስንት ካሎሪ ታዘዘ? ስንት ገባ? ለሲቲ ስካን ተብሎ የተቋረጠ ምግብ እስከ ማታ ሳይመለስ ሲቀር ስንት ጊዜ አይቻለሁ። መልሱ ከመድኃኒቱ ጎን፣ በዚያው ወረቀት ላይ ይጻፍልኝ።

አመሰግናለሁ።