መሪ የምርምር ዩኒቨርሲቲ ለመሆን ከአቃቂ ወንዝ እንጀምር

ክቡራን እንግዶች፣ ውድ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ተማሪዎቻችን፣ እንዲሁም ከቱሉ ዲምቱ፣ ከቂሊንጦና ከአቃቂ የመጣችሁ ጎረቤቶቻችን፤ እንደምን አደራችሁ!

ከእኔ ቀጥሎ ቡና እንዳለ ከፕሮግራሙ ላይ አይቻለሁ። ከቡና ጋር መፎካከር ስለማያዋጣ ቶሎ ወደ ጉዳዬ ልግባ።

የተሰጠኝ ርዕስ «ዩኒቨርሲቲያችን መሪ የምርምር ተቋም ለመሆን የት ደርሷል?» የሚል ነው። እንዲህ ሲባል የለመድነው ቁጥር መደርደር ነው። ስንት ጽሑፍ አሳተምን፣ ስንት የዶክትሬት ተማሪ አስመረቅን፣ በደረጃ ሰንጠረዥ ላይ ስንተኛ ወጣን። ቁጥሩ ሪፖርቱ ውስጥ አለ፤ ሪፖርቱም በር ላይ ይታደላል። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። አንድን ጥያቄ ይዘን፣ መልሱ እስኪገኝ ሳንለቀው ሃያ ዓመት መቆየት እንችላለን ወይ?

ለምን ሃያ ዓመት እንዳልኩ በሁለት ታሪክ ላስረዳ። ሁለቱም የአገራችን ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ከወንዝ ውሃ የሚይዘውን የቢልሃርዚያ በሽታ ሊያጠኑ አድዋ ሄዱ። ሰዎች ወንዝ ዳር ሆነው በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። አረፋው በሚወርድበት በኩል የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። የቢልሃርዚያ ጥገኛ ትል ደግሞ ወደ ሰው ከመድረሱ በፊት የሚያድገው ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው። ቀንድ አውጣው ሞተ ማለት የበሽታው መንገድ ተቆረጠ ማለት ነው። እናቶቻችን በእንዶድ ስንት ዘመን ጋቢና ነጠላ አጥበዋል! ያንን ትዕይንት በሳይንስ ዓይን ያዩት ግን እሳቸው ናቸው።

ማየቱ የአንድ ቀን ነገር ነው፤ ሥራው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ዛሬ በስማቸው የሚጠራው የፓቶባዮሎጂ ተቋም በዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተቋቋመ። ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ደግሞ የእንዶድ ዓይነቶችን እየሰበሰቡ፣ እያበቀሉና እያወዳደሩ የተሻለውን መረጡ። ሁለቱ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ከአድዋው ወንዝ እስከ ሽልማቱ 25 ዓመት! በመሃሉ ከአፍሪካ ላብራቶሪ የወጣ ውጤት አይበቃም ተብሎ፣ የእንዶድ ደህንነት ውጭ አገር እንደገና ይፈተሽ የሚል ጥያቄ ነበር። ያበሳጫል። ግን ዛሬ ላብራቶሪያችን ዓለም አቀፍ ዕውቅና ይኑረው ብለን የምንጨቀጭቀው ሰርተፍኬት ግድግዳ ላይ ለመስቀል እንዳልሆነ ይህ ታሪክ ይነግራችኋል።

ሁለተኛው ታሪክ እዚሁ ቅርብ፣ ቢሾፍቱ ነው። ጤፍ በራሱ የአበባ ዱቄት የሚራባ ሰብል ነው። አበባው ከማነሱ የተነሳ በባዶ ዓይን ለመለየት ያስቸግራል። የሚከፈተውም ማለዳ፣ ለጥቂት ጊዜ ነው። በዚህ የተነሳ ጤፍን በእጅ ማዳቀል ለረጅም ጊዜ አልተቻለም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 ዶክተር ታረቀ በርሄ ዘዴውን አገኙ። ከዚያ በኋላ ሥራው ምን እንደሚመስል አስቡት። ማለዳ ተነስቶ፣ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሶ፣ የአበባውን ወንዴ ክፍል በጥንቃቄ ነቅሎ፣ ከሌላ ዝርያ የመጣውን የአበባ ዱቄት ማስነካት። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው አይሞክረውም።

ሸማቹ ነጭ ጤፍ ይፈልጋል። ገበሬው ምርት ይፈልጋል። የደብረ ዘይት ተመራማሪዎች ነጭ የሆነውንና ብዙ ምርት የሚሰጠውን አዳቅለው ቁንጮ የተባለውን ዝርያ አወጡ። ቁንጮ የተለቀቀው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ከዘዴው ግኝት ተነስታችሁ ቁጠሩ፤ 32 ዓመት። በመሃል መንግሥት ተቀይሯል፣ ሰው ጡረታ ወጥቷል፣ ጥያቄው ግን ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ቆየ።

አሁን ወደ ራሳችን ሰፈር እንመለስ። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ከተማውን አቋርጠው ወደ እኛ ይወርዳሉ፤ አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ይገናኛሉ። የከተማው ፍሳሽ፣ የፋብሪካው ዝቃጭ አብሯቸው ይመጣል። በዚሁ ውሃ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ይለማል። አትክልቱ ተመልሶ ከተማ ይገባል፤ እኛም ገዝተን እንበላዋለን። በወንዙ፣ በአፈሩና በአትክልቱ ውስጥ እንደ ክሮሚየም ያሉ ከባድ ብረቶች መኖራቸውን ብዙ ጥናት አሳይቷል። ይህ አዲስ ዜና አይደለም።

ችግሩ ሌላ ነው። በዚህ ወንዝ ላይ የተሠራ የማስተርስ ቴሲስ ሞልቷል። አንዱ ተማሪ ውሃውን በበጋ ይቀዳል፣ ሌላው በክረምት። አንዱ ከድልድዩ በላይ፣ ሌላው ከድልድዩ በታች። ሁሉም ይመረቃል፣ እሰየው። ግን ውሃው ከዓመት ዓመት እየባሰበት ነው ወይስ እየተሻለው ለሚለው ጥያቄ ቴሲሶቹን ደራርባችሁ መልስ ማውጣት ትቸገራላችሁ። አንድ ቀን ከተማሪዎች ጋር ወንዙ ዳር ሳለን አንድ ጎመን የሚያለሙ አባት መጡና «ልጆቼ፣ ከእናንተ በፊትም በጠርሙስ ቀድተው የሄዱ ነበሩ፤ ምን አገኙ?» አሉን። ያገኙት ነገር ላይብረሪ መደርደሪያ ላይ አለ። ያውም በእንግሊዝኛ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ዩኒቨርሲቲዎች በተልዕኮ ሲለዩ የምርምር፣ የአፕላይድና አጠቃላይ ተብለው ተመደቡ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የራስ ገዝነት መንገድ ተከፈተ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ቀዳሚው ሆነ። ጥሩ ነው። ስም ግን በደብዳቤ ይመጣል። ጥያቄን ሃያ ዓመት የመያዝ አቅም በደብዳቤ አይመጣም።

እንቅፋቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በጀታችን ሰኔ 30 ያልቃል። ግንቦት ላይ ገንዘቡ እንዳይመለስ የምንሯሯጠውን ሩጫ የግዥ ክፍል ባልደረቦቻችን ይመስክሩ። ወንዙ ግን ሐምሌ 1 አዲስ በጀት ዓመት መግባቱን አያውቅም፤ ጭራሽ የሚሞላው ያን ጊዜ ነው። የአፍሪካ ኅብረት አገሮች ከጠቅላላ ምርታቸው 1 በመቶውን ለምርምር ሊያውሉ ተስማምተዋል። እኛ እንደ አገር ከዚያ በታች ነን፤ ገና ብዙ ይቀረናል። ይህን ሳልሸሽግ እናገራለሁ፤ ግን ብር ሲመጣ እንጀምራለን የሚለውን አልቀበልም።

ምክንያቱም ትልቁ ክፍተት ብር ብቻ አይደለም። ሰው ነው፤ በተለይ አንድ ዓይነት ሰው። ውሃ ውስጥ ያለውን ብረት የሚለካውን ማሽን፣ አቶሚክ አብዞርብሽን የምንለውን፣ ታውቁታላችሁ። ለእርሳስ የራሱ ላምፕ አለው፣ ለክሮሚየም ሌላ። አንዱ ላምፕ ተቃጥሎ ምትኩ በውጭ ምንዛሪ እስኪገዛ ሥራው ይቆማል። ናሙና የሚያዝበት ጠርሙስ አስቀድሞ በአሲድ ካልታጠበ፣ ጠርሙሱ ላይ የነበረ ብረት ንባቡን ያዛባል፤ ውሃው ከተቀዳ በኋላ ጥቂት ናይትሪክ አሲድ ካልገባበት ደግሞ፣ ብረቱ ጠርሙሱ ላይ ተጣብቆ ይቀርና ውሃው ንጹሕ መስሎ ይነበባል። ይህን ሁሉ የሚጠብቀው ማነው? ፕሮፌሰሩ አይደለም። የላብራቶሪ ቴክኒሻኑ ነው። እሱ ደግሞ የተሻለ ደመወዝ ካገኘ በማግስቱ ፋብሪካ ይገባል፤ አልፈርድበትም። ለዶክተሮች ማዕረግና እድገት እንዳዘጋጀን ሁሉ፣ ለእሱም እዚሁ አርጅቶ ጡረታ የሚወጣበት መሰላል እናዘጋጅ። ክቡራን የቦርድ አባላት፣ ከዚህ ንግግር አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙልኝ።

እኛ በበኩላችን ጀምረናል። ከዚህ በኋላ የአቃቂ ናሙና በየወሩ፣ ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ዘዴ ይቀዳል። ተማሪ ቢመረቅም መዝገቡ ይቀጥላል። ቴሲስ የሚሠራ ተማሪ ከዚያ መዝገብ ይነሳል፤ ያገኘውንም እዚያው ይጨምራል። ውጤቱ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ በአንድ ገጽ ተጽፎ ለገበሬዎች ማኅበርና ለወረዳው ይደርሳል። ፋብሪካ ያላችሁ ጎረቤቶቻችንም አትሽሹን፤ ከሳሽ ሆነን አልመጣንም። ፍሳሻችሁን በማጣራት ላይ አብረን ብንሠራ ለእናንተም ይቀላል።

የሚቀጥለው ናሙና ነገ ጠዋት ነው። አንድ ሰዓት ላይ በዋናው በር እንነሳለን። መምጣት የሚፈልግ ቦቲ ጫማ ያድርግ፤ ዳሩ ጭቃ ነው። ጓንት ከእኛ አለ።

አመሰግናለሁ።