ንጥረ ነገሩ ሞልቶ አልጌው የት ሄደ?

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ እንደምን ዋላችሁ?

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ፋይቶፕላንክተን ነው። ውሃ ላይ ተንሳፍፈው እንደ ተክል ከፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን የሚሠሩ ደቃቅ ፍጥረታት ናቸው፤ አልጌ የምላችሁም እነሱን ነው። የባሕር ዓሣ ሁሉ ማለት ይቻላል፣ ዞሮ ዞሮ የሚኖረው በእነሱ ነው። ወንዝ ከባሕር በሚቀላቀልበት ስፍራ፣ በኤስቹዋሪ፣ እድገታቸውን የሚወስነው ምንድን ነው?

የተለመደውን መልስ ሁላችንም እናውቀዋለን። ከእርሻና ከከተማ ፍሳሽ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይገባል፣ አልጌ ይፈላል፣ አለቀ። ሐሰት አይደለም፤ ግን ጎደሎ ነው። ንጥረ ነገር ምን ያህል ሊበቅል እንደሚችል ይነግረናል እንጂ ምን ያህል እንደሚበቅል አይነግረንም።

በአሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ያለውን የሳን ፍራንሲስኮን ባሕረ ሰላጤ እንመልከት። ናይትሮጅኑም ፎስፈረሱም የተትረፈረፈ ነው። አልጌው ግን ለብዙ ዓመታት የተፈራውን ያህል አልበዛም። ዋናው ምክንያት ጭቃ ነው። ባሕሩ ሲሞላና ሲጎድል፣ ነፋሱም ሲያናውጠው፣ ደለሉ ከወለሉ ይነሳል። ብርሃን ብዙ ሳይጠልቅ ይቀራል። የአልጌው ሕዋስ ከውሃው ገጽ አጠገብ ሲሆን ምግብ ይሠራል፤ ውሃው አገላብጦ ወደ ጨለማው ሲከተው ደግሞ የሠራውን በመተንፈስ ይጨርሳል። ጨለማ ውስጥ የሚያሳልፈው ጊዜ ከበዛ እድገት የለም። እኩል የደፈረሰ ውሃ እንኳ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ላይ የተሻለ የሚያፈራው ለዚህ ነው።

አንዳንዴ ግን ዕድል ይገጥማል። በፀደይ ወንዙ ሲሞላ ጨው አልባው ውሃ ቀላል ስለሆነ ከጨዋማው በላይ ይነጠፋል። ጨረቃ ግማሽ በምትሆንበት ሰሞን የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ይዳከማል፤ ሁለቱ ውሃዎች አይደባለቁም። ላይ የቀሩት ሕዋሳት ብርሃን ጠግበው በጥቂት ቀናት ውስጥ ይፈላሉ። የባሕሩ ሙላት ሲበረታ ድግሱ ይበተናል።

ጊዜም አለ፤ እኔ ከሁሉ በላይ ችላ ተብሏል የምለው እሱን ነው። ፋይቶፕላንክተን ቢመቸው በቀን አንዴ ገደማ ይከፈላል። ውሃው ከዚያ በፈጠነ ፍጥነት ወደ ባሕር ከወጣ መጠራቀም አይችልም። ጎርፍ ስንቁን ይዞ ይመጣል፣ በላተኛውን ግን ጠርጎ ይወስዳል። የሙቀትና የጨው ነገርም አለ፤ እነሱ በአብዛኛው የሚወስኑት የትኛው ዝርያ እንደሚበረታ ነው።

ደግሞ የሚበላው አለ። እ.ኤ.አ. በ1986 ከእስያ የመጣ አንድ ትንሽ ባለ ቅርፊት ፍጥረት እዚያው ባሕረ ሰላጤ ሰሜናዊ ክፍል ውስጥ ተገኘ። ውሃውን እያጣራ የሚመገብ ነው። ከ1987 ጀምሮ የበጋው የአልጌ መፍላት ጠፋ ማለት ይቻላል። ንጥረ ነገሩ ግን እዚያው ነበር።

ይህን ሰምቶ “እንግዲያው ፍሳሹ ችግር የለውም” የሚል አይጠፋም። እዚህ ላይ ነው የምንሳሳተው። ጭቃው ከለላ ነበር፤ ከ1999 ወዲህ በውሃው ውስጥ የሚንሳፈፈው ደለል ቀንሷል። በነሐሴ 2022 ሄትሮሲግማ አካሺዎ የተባለ አልጌ ውሃውን ቡናማ አደረገው፤ ዓሣ በገፍ አለቀ። በ2024 የአካባቢው የውሃ ጥራት ተቆጣጣሪ አካል የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያዎች የሚለቁትን ናይትሮጅን በ10 ዓመት ውስጥ በ40 በመቶ እንዲቀንሱ ወሰነ።

ስለዚህ ናይትሮጅን ለምትለኩ ባልደረቦቼ አንድ ጥያቄ አለኝ። ብርሃኑ ስንት ሜትር እንደሚደርስ፣ ውሃው ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ ወለሉ ላይ ማን እያጣራ እንደሚበላም አብራችሁ መዝግቡ። ብርሃኑን ለመለካት የሴኪ ዲስክ የሚባለውን ነጭና ጥቁር ክብ ሳህን ከዓይን እስኪሰወር በገመድ ማውረድ ይበቃል።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ።