የዴንቨር አሮጌ ቤቶችና የአያቴ ዶሮ

ሰላም፦ እንዴት ሰነበታችሁ! ዛሬ ስለ አሜሪካዋ ከተማ ስለ ዴንቨር አሮጌ ቤቶች እናወራለን። ከሞሊ ብራውን ቤት እንጀምር ብለን ነበር አይደል?

ዮናስ፦ አዎ። ፔንስልቫንያ ጎዳና ላይ ያለው፣ ደጁ ላይ የድንጋይ አንበሶች የተቀመጡበት።

ሰላም፦ እሱ። ከታይታኒክ የተረፈችው ሴትዮ ቤት። ስሟ ማርጋሬት ነበር፣ ሞሊ የሚለው ከሞተች በኋላ ነው የገነነው። ቤቷ ሊፈርስ ሲል በ1970 ሰዎች ተሰባስበው አዳኑት። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው፣ እሺ? ግን ዮኒ፣ ቅዳሜ ሌላ ቤት አይቼ ልቤ እዚያው ቀረ።

ዮናስ፦ የዶክተሯ ቤት ነዋ! ሦስት ጊዜ ደውለሽ ነግረሽኛል።

ሰላም፦ አራተኛ ልንገርህ። የዶክተር ጀስቲና ፎርድ ቤት። ፋይቭ ፖይንትስ ሰፈር፣ ካሊፎርኒያ ጎዳና፣ ባቡሩ አጠገቡ ይቆማል። ባለ አንድ ፎቅ የጡብ ቤት ነው። መስኮቶቹ ጠባብና ረጃጅም ናቸው። በ1902 ፈቃድ አውጥታ ዴንቨር ላይ ማከም ጀመረች። ጥቁር ናት፣ ሴት ናት፣ የከተማው ሆስፒታል አላስገባትም። እሷስ ምን አደረገች? ሰው ቤት እየሄደች አዋለደች። 7,000 ገደማ ሕፃናት!

ዮናስ፦ ሰባት ሺህ!

ሰላም፦ ጥቁሩም፣ ሜክሲኳዊውም፣ ጃፓናዊውም እሷን ነው የሚጠራ። ገንዘብ ያጣ ደግሞ ያለውን ይሰጣታል። አስቤዛ፣ ብርድ ልብስ፣ ዶሮ።

ዮናስ፦ መጣች ዶሮዋ።

ሰላም፦ እንዴት አትመጣ! አያቴ ደጀን አካባቢ አዋላጅ ነበረች። ሌሊት በር ይንኳኳል፣ ነጠላዋን ታጣፋለች፣ ትወጣለች። ጠዋት ስትመለስ እጇ ገና ቅቤ ቅቤ ይሸታል፣ የገንፎው ነው። ከዚያ አባትየው ዶሮ ይዞ ይመጣል። እግሯን አስሮ አልጋ ሥር ያስቀምጣታል። እኛ ልጆቹ ዛሬ ወጥ ተገኘ ብለን ስንቋምጥ አያቴ «ተዉ፣ ይቺ ብርቱካን ናት» ትላለች።

ዮናስ፦ ብርቱካን ማናት?

ሰላም፦ የተወለደችው ሕፃን! ዶሮዋን በሕፃኗ ስም ጠራቻት። እንዴት ትታረድ?

ዮናስ፦ ዶክተሯም እንደዚያ ከሆነች ሰባት ሺህ ዶሮ...

ሰላም፦ ቆይ፣ ዋናውን አልነገርኩህም። ቤቱ መጀመሪያ አራፓሆ ጎዳና ላይ ነበር። በ1984 ሊፈርስ ሲል እንዳለ ከመሬት አንስተው፣ ጭነው፣ አሁን ያለበት አመጡት። ጡብ ቤት እኮ ነው!

ዮናስ፦ እዚህ ላይ አልስማማም። ቤት ማለት ሰፈሩ ነው። ጎረቤቱ፣ ሌሊት የወጣችበት ደጅ። ያንን ትተሽ ግድግዳውን ብቻ ብታመጪው ያው ቤት ነው?

ሰላም፦ ታዲያ ይፍረስ?

ዮናስ፦ ይፍረስ አላልኩም።

ሰላም፦ እኔና አንተ እዚህ ዴንቨር አጠገብ፣ ኦሮራ ቁጭ ብለን ቡና የምናፈላው ከሰፈራችን ተነቅለን አይደል? ሰው ቦታ ቀይሮ ያው ሰው ከሆነ ቤቱስ?

ዮናስ፦ ሰው ይናገራል፣ ቤት አይናገርም። ግን... እሺ፣ ከመፍረሱ ይሻላል። እዚያ ድረስ እስማማለሁ።

ሰላም፦ ዛሬ ውስጡ የምዕራቡ አሜሪካ ጥቁሮች ሙዚየም አለ። የመሠረተው ፖል ስቱዋርት ፀጉር አስተካካይ ነበር። ሕፃን ሳለ ጥቁር ካውቦይ የለም ብለውት፣ ካደገ በኋላ መኖራቸውን ሲያውቅ ታሪካቸውን መሰብሰብ ጀመረ። ደንበኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ ያወራል፣ እሱ ያዳምጣል።

ዮናስ፦ ሮሶኒያን ሆቴልንስ? የጃዝ ሙዚቀኛው ዱክ ኤሊንግተን የተጫወተበትን? ዛሬ እሱንም እናነሳለን ብለሽ ነበር።

ሰላም፦ ዌልተን ጎዳና ላይ፣ በ1912 የተሠራው። ውይ፣ ሰዓቱ ሄደ። ለእሱ ሙሉ ዝግጅት ይገባዋል፣ ሳምንት።

ዮናስ፦ አንድ ነገር ብቻ። ዶሮዋ መጨረሻዋ ምን ሆነ?

ሰላም፦ ብርቱካን? እያረጀች እንቁላል ጣለች፣ ከዚያ መጣሉንም ተወች። አያቴ ግን አላረደቻትም። ሕፃኗ ብርቱካን ድክ ድክ ስትል እየመጣች ጥሬ ትበትንላት ነበር።