ለአገር ልጅ ተብሎ ነጥብ አይጨመርም

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም። ብቻዬን ነኝ፣ ሻዬን ይዣለሁ፣ ሰሞኑን ያየኋቸውን ፊልሞች ከ10 ነጥብ እየሰጠሁ ላወራችሁ ነው። ጎረቤት ቤት እያሠራ ስለሆነ በመሐል መዶሻ ከሰማችሁ ታገሡኝ።

እኛ ጋ ለፊልም ነጥብ የምንሰጥበት መንገድ ያናድደኛል። ፊልሙ ውጭ አገር ፌስቲቫል ደርሶ ከመጣ፣ ገና ሳናየው 9 ነው። ካን ታየ፣ በርሊን ታየ፣ አለቀ። እዚሁ አዲስ አበባ ተቀርጾ ዩቲዩብ ላይ የተለቀቀ የፍቅር ኮሜዲ ከሆነ ደግሞ፣ እሱም ገና ሳይታይ 3 ነው። «እኔ የአማርኛ ፊልም አላይም» ብሎ የሚኩራራ ሰው ስንት ታውቃላችሁ? እኔ ብዙ አውቃለሁ። በቀደም አንዱን እንዲህ የሚል ወዳጄን በፌስቲቫል ስለተሸለመ የኛ ፊልም ጠየቅኩት። «ኧረ እሱ ሌላ ነው፣ ማስተርፒስ ነው» አለኝ። የት አየኸው ስለው ትሬለሩን ነው ያየው።

ነጥብ የዕድር መዋጮ አይደለም፤ ለወገን ተብሎ አይዋጣም። ስለዚህ ውጭ የተጨበጨበላቸውን የኛን ፊልሞች ሰብሰብ አድርጌ ተቀመጥኩ። አንዳንዱን ድሮ አይቼዋለሁ፣ አንዳንዱ አዲሴ ነው። መሐል ላይ አንድ የኢራን ፊልም ሰነቀርኩ። ለምን እንደሆነ ትንሽ ቆይታችሁ ይገባችኋል። መጨረሻቸውን አላበላሽባችሁም።

በ«ድፍረት» ልጀምር፣ ምክንያቱም ጓደኞቼ የሚጣሉኝ በዚህ ነው። በነገራችን ላይ ዓመት ስጠራ ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ፊልሙ የ2014 ነው፣ አዘጋጁ ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ። አንጀሊና ጆሊ በዋና ፕሮዲውሰርነት ስሟ አለበት። አሜሪካ፣ ሰንዳንስ ፌስቲቫል ላይ የተመልካቾችን ሽልማት ወሰደ፣ በርሊንም ደገመው። ታሪኩን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፈረሰኞች ይጠልፏታል። ጠላፊዋን በጠመንጃ ትገድለዋለች። ከአዲስ አበባ አንዲት ጠበቃ መጥታ ትቆምላታለች። እውነተኛ ታሪክ ነው፣ የአበራሽ በቀለ እና የጠበቃዋ የመዓዛ አሸናፊ። ያኔ በነበረው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠለፋው በጋብቻ ካለቀ ክሱ ይቀር ነበር። ያ ነገር ከሕጉ የወጣው በ2004 ነው። መዓዛ ራሳቸው በ2018 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ። እንግዲህ ይሄን ታሪክ ማን ይጠላዋል?

ታሪኩን 10 በሉት፣ እስማማለሁ። እኔ ግን ነጥብ የምሰጠው ለፊልሙ ነው።

ሰዎቹ እርስ በርሳቸው አያወሩም፣ ለተመልካቹ ነው የሚያወሩት። ጠበቃዋ ለሥራ ባልደረባዋ ሕግ ስታብራራ፣ ባልደረባዋ ያንን ሕግ ድሮም ታውቀዋለች። ታዲያ ለማን ነው? በርሊን አዳራሽ ውስጥ ለተቀመጠው ሰው ነው። ክፉዎቹም ቢሆኑ ገና በር ከፍተው ሲገቡ ክፉ መሆናቸው ያስታውቃል። ደግሞ ታሪኩ የአርሲ ነው፣ ፊልሙ ላይ ግን ገጠሩም አማርኛ ነው የሚያወራው። ለኔ ለአማርኛ ተናጋሪው ይመቻል፣ አልዋሽም። ግን አስቡት፣ ኦሮምኛ ብቻ የምትናገር ልጅ በማታውቀው ቋንቋ ቃል ስትሰጥ፣ አስተርጓሚው መሐል ገብቶ ቃሏን ሲያሳጥርባት። ከዚያ ብቻ ስንት ትዕይንት ይወጣ ነበር! ሜዳ ላይ ቀረ።

አሁን ደግሞ ጥሩውን። ሽማግሌዎቹ ዛፍ ሥር ተቀምጠው የሚሟገቱበት ቦታ አለ። እዚያ ላይ ፊልሙ ማስረዳቱን ያቆማል። አንዱ ይነሣል፣ ይናገራል፣ ይቀመጣል። ሌላው ይነሣል። የሟች ወገን ደሙ ይንገበገባል፣ የልጅቷ አባት አንገቱን ደፍቷል። የሚያስፈራው ሽማግሌዎቹ ጨካኞች ስላልሆኑ ነው። ረጋ ያሉ፣ የተከበሩ፣ የኔን አያት የመሰሉ ሰዎች ናቸው፣ ንግግራቸውም ያሳምናል። አንዲት ሴት ግን እዚያ ክብ ውስጥ የለችም። ይሄን ማንም ተነሥቶ አልነገረኝም፣ ካሜራው ዞር ሲል አየሁት። ፊልሙ በሙሉ እንዲህ ቢሆን ኖሮ ዛሬ አንጣላም ነበር። ሜሮን ጌትነትም ጠበቃዋን ሆና ዝም ስትል ከምትናገርበት ይበልጣል። የተጠለፈችዋን ልጅ የሆነችው ትንሿ ትዝታ ሀገሬ ደግሞ በዓይኗ ብቻ ትጫወታለች።

ከ10፣ 6። «የሴቶችን ጉዳይ ይዞ የመጣን ፊልም እንዴት 6 ይባላል» የምትሉ አላችሁ፣ አውቃለሁ። የያዘው ጉዳይ ከባድ በሆነ ቁጥር እኔ የበለጠ ነው የምጠብቀው። ሌላም አለ። አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ሰው ተሰብስቦ ሳለ፣ የባለታሪኳ የአበራሽ ጉዳይ ፍርድ ቤት ደርሶ ፊልሙ በእግድ ቆሞ ነበር። እግዱ በኋላ ተነሣ። ነጥቡ ውስጥ አላስገባሁትም፣ የፊልም ጥራት አይደለምና። ግን ፊልሙን ባየሁ ቁጥር ይመጣብኛል።

አሁን የኢራኑ። የማጂድ ማጂዲ «የሰማይ ልጆች»፣ የ1997። ይሄኛው መለኪያዬ ነው። አሊ የሚባል ልጅ የእኅቱን ጫማ ሊያሰፋ ወስዶ ይጠፋበታል። ቤት ውስጥ ገንዘብ የለም፣ ለአባት መንገር አይታሰብም። ስለዚህ ወንድምና እኅት አንድ ሸራ ጫማ ይጋራሉ፣ እሷ ጠዋት ፈረቃ፣ እሱ ከሰዓት። እሷ ከትምህርት ቤት እየሮጠች ትመጣለች፣ መንገድ ላይ ይቀያየራሉ፣ እሱ ደግሞ ይሮጣል። በቃ፣ ይኸው ነው። አንድ ቀን ጫማው ከልጅቷ እግር ወልቆ ቦይ ውስጥ ይገባል፣ ውኃው ይዞት ይሄዳል። እኔ ትልቅ ሰው፣ ሶፋ ላይ ተቀምጬ «ያዢው! ያዢው!» እያልኩ ነበር። ድህነትን የሚያብራራ አንድም ሰው የለም። ማንም ስለ ኢራን ኢኮኖሚ አያወራም። ጫማው ለልጅቷ ስለሚሰፋት ብቻ ሁሉም ይገባሃል። 9 ተኩል። ግማሿን ያስቀረኋት ማጂዲ አንዳንዴ እንባዬን ስለሚለምነኝ ነው።

ይሄን አይቼ ነው ወደ «ላምብ» የተመለስኩት። ያሬድ ዘለቀ፣ 2015። ካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ኤፍሬም እናቱ ሞታለች። አባቱ እሱንና ቹኒ የምትባል በጉን ይዞ ተራራ ላይ ያሉ ዘመዶች ጋ ያደርሰዋል፣ ከዚያ ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ይወርዳል። አጎትዬው ለበዓል በጓን ማረድ ይፈልጋል። እኛ አገር በግና በዓል ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ፈረንጁ ሲያየው ምስኪን በግ ነው የሚለው፣ እኛ ግን አጎትየውንም እናውቀዋለን። ቤት ሙሉ አፍ አለበት፣ በዓል ደርሷል፣ በግ ደግሞ በር ላይ ታስራለች።

እዚህ ፊልም ውስጥ የወደድኩት ኩሽናውን ነው። ኤፍሬም ምግብ መሥራት ከእናቱ ተምሯል፣ እጁ ጎበዝ ነው። አጎትዬው ይሄን ሲያይ የሚሆነውን ማየት አለባችሁ። ወንድ ልጅ ምጣድ ሥር! ቁጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ሐፍረት ነው። ሰው ምን ይለኛል የሚል ሐፍረት። ልጁ ግን ሳምቡሳ ጠብሶ ገበያ ይወጣል፣ የመመለሻ የአውቶቡስ ገንዘብ ሊያጠራቅም ነው። ሳንቲም እየቆጠረ በጓን አጠገቡ አቁሞ ሲሸጥ፣ ያ ነው ፊልሙ። የቦዩ ጫማ ማለት ይሄ ነው። ረድኤት አማረ የሚባለው ልጅ ካሜራ መኖሩን የረሳ ነው የሚመስለው። ቅድስት ስዩም ደግሞ ጋዜጣ የምታነበውን፣ «አግቢ» ሲሏት የማትሰማውን ጽዮንን ሆና ትጫወታለች። እሷ ስትመጣ ቤቱ ይነቃል።

ምን ቀነሰብኝ? ተራራው። እውነቴን ነው። አገራችን ውብ ናት፣ እናውቃለን፣ ግን ፊልሙ ያንን አረንጓዴ እያየ ታሪኩን ይረሳዋል። ከመሐሉ በኋላ ይቀዘቅዛል፣ ጽዮንም በጣም በምንፈልጋት ሰዓት አትበቃንም። 7 ተኩል። ልጆች ካሏችሁ አብራችሁ እዩት፣ ከዚያ ለበዓል በግ ስትገዙ ለሚነሣው ጥያቄ ተዘጋጁ።

«ጤዛ»። የኃይሌ ገሪማ፣ 2008። ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የምርጥ ጽሑፍ ሽልማት፣ በዓመቱ ደግሞ ዋጋዱጉ ላይ ፌስፓኮ የሚባለው የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ዋናው ሽልማት። ሁለት ሰዓት ከሃያ ነው፣ ሻይ ይፈልጋል። ይሄን ከአጎቴ ጋር ነው ያየሁት። አጎቴ የዚያ የደርግ ዘመን ሰው ነው፣ ብዙ አያወራም። አንበርብር ጀርመን ተምሮ፣ ነገሩ ሁሉ ፈራርሶበት፣ አንድ እግሩን አጥቶ በ1990 ጣና አካባቢ ወዳለው መንደሩ ይመለሳል። እናቱ ትጠብቀዋለች። ወጣቶች ለጦርነት እንዳይታፈሱ ዋሻ ይደበቃሉ። ፊልሙ ወደኋላ ወደፊት ይዘላል፤ ሰውዬው ራሱ የት እንዳለ አያውቅም፣ አንተም አታውቅም። መጀመሪያ ግራ ያጋባል። አጎቴን ግን ግራ አላጋባውም።

አንበርብርን ስብሰባ ላይ አቁመው ግለሂስ የሚያስደርጉት ቦታ ሲደርስ አጎቴ ተነሣ። ደጅ ወጣ። ፊልሙን አቆምኩለት። ሲመለስ ተቀመጠ፣ ሪሞቱን አየት አደረገና፣ «ቀጥል፣ ስብሰባው እንኳ ከዚህ ይረዝም ነበር» አለኝ። ሌላ ምንም አላለም። እኔ ታሪኩን ከመጽሐፍ ነው የማውቀው። ይሄ ሰው ግን የዚያን አዳራሽ ወንበር ያውቀዋል።

ከዚያ በኋላ ራሴን ጠየቅኩ። አጎቴ 10 ቢሰጠው የወገን ነጥብ ልለው ነው? አይደለም። እሱ ፊልሙ ውስጥ ያለውን ከኔ በላይ አየ፣ እንጂ የሌለውን አልጨመረም። ፈረንጅ ሐያሲ «ንግግሩ በዛ» ያለበትን ቦታ እኔም አውቀዋለሁ፣ ጀርመን ያሉት የተማሪዎች ክርክሮች ይረዝማሉ። ግን እነዚያ ልጆች እውነት እንደዚያ ነበር የሚያወሩት። አንድ ክፍል ውስጥ ተፋፍገው፣ አገሪቱን ሌሊቱን ሙሉ አፍርሰው ሲገነቧት ያድራሉ። «ድፍረት» ላይ ጠበቃዋ ለኔ ታስረዳለች ብያለሁ፣ እዚህ ግን እርስ በርስ ነው የሚጨቃጨቁት፣ እኔ መኖሬንም አያውቁም። ልዩነቱ ይኸው ነው። የጆርጋ መስፍን ሳክስፎን ሲጨመርበት ደግሞ፣ ምን ልበላችሁ። 9። ዋሽንግተን ያላችሁ፣ ኃይሌና ባለቤታቸው ጆርጂያ ጎዳና ላይ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት የከፈቱት የመጽሐፍና የፊልም ቤት አለ፣ ጎራ በሉ።

መጨረሻ ላይ «ፋያ ዳዪ»። የጄሲካ በሽር፣ 2021፣ ሐረርና አካባቢው፣ ጥቁርና ነጭ። ስለ ጫት ነው፣ ግን «ስለ ጫት ጉዳትና ጥቅም» የሚል ነገር ጠብቃችሁ እንዳትሄዱ። ሲታጨድ፣ ሲታሰር፣ ሲጫን፣ ሲቃም፣ በጭስ መሐል ሰው ሲያወራ። ወጣቶች ባሕር ስለመሻገር ያወራሉ። መጀመሪያ ያየሁት ማታ ከሥራ መልስ ነው፣ እንቅልፍ ወሰደኝ። በሁለተኛው እሑድ ጠዋት፣ ስልኬን ሌላ ክፍል አስቀምጬ አየሁት። ሌላ ፊልም ነው። እጆቹን አልረሳም፤ ጫቱን የሚጠቀልሉት እጆች፣ ፍጥነታቸው። 8 ብያለሁ፣ ግን በስልክ የሚያይ ሰው 4 ቢሰጠው አልከራከረውም። በስልክ አትዩት።

የዩቲዩቦቹ ኮሜዲዎች በሚቀጥለው ክፍል ይመጣሉ፣ በዚሁ ሚዛን። ስለዚህ ሥራ ስጡኝ። ከልብ ያሳቃችሁን አንድ የአማርኛ ፊልም ስም ላኩልኝ። የምትንቁትን አትላኩ፣ እሱን ራሴ አገኘዋለሁ። አጎቴንም አስቀምጠዋለሁ። እሱ ካልሳቀ ከ5 በላይ አይሄድም፣ አስቀድሜ ነግሬያችኋለሁ። በሉ ቻው።